የሚሸነፍን ቡድን ስለ መውደድ

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በአንድ ተማሪ የተደረገ ንግግር)



በቆቦ ከተማ ቴሌቪዥን ባለበት ሻይ ቤት ሁሉ የእንግሊዝ አገር ቡድኖች ወዳጅ ሞልቷል። የወልድያን ቡድን ወዳጅ ግን በመብራት ፈልጎ ማግኘት ያስቸግራል። ምክንያቱን ብትጠይቁ «እሱማ ይሸነፋል» ይሏችኋል። ዛሬ ልናገር የምወደው ስለዚሁ መልስ ነው።

ወልድያ በሮቢትና በጎብዬ አልፎ የሚደረስባት፣ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ የምትርቀን ጎረቤታችን ናት። ቡድኗ በ2007 ዓ.ም. በፕሪሚየር ሊግ ተጫወተና በዚያው ዓመት ወረደ። በ2009 ዓ.ም. ተመልሶ ገባ፤ በጥር ወርም ከ25,000 በላይ ሰው የሚይዘው ስታዲየም ተመረቀ። በ2010 ዓ.ም. ግን ቡድኑ እንደገና ወረደ። «ሜዳው ሲያምር ጨዋታው ሳያምር ቀረ» ብሎ መቀለድ ይቻላል። ቀልዱስ መልካም ነበር፤ ቀልደኛው መጥቶ ሜዳው ውስጥ ቢቀልድ።

የራያን ገበሬ ተመልከቱ። በሚያዝያ የዘራው ማሽላ ዝናብ አጥቶ ቢደርቅበት ማሳውን ገልብጦ ደግሞ ይዘራል፤ ያም ባይሆን በሐምሌ ጤፍ ያደርገዋል። የሌላ አገር እርሻ ሲያደንቅ አይውልም። እርግጥ ኳስ እንጀራ አይሆንም ትሉኝ ይሆናል። ቢሆንም የሰው ማሳ ቢያፈራ ለእኛ ጎተራ ምን ይጠቅማል?

ብሔራዊ ቡድናችንም ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ግብጽን 4 ለ 2 አሸንፎ የአፍሪካን ዋንጫ ወሰደ። ከ1974 ዓ.ም. በኋላ ግን 31 ዓመት ሙሉ ወደ ውድድሩ መግባት ተሳነው። በተመለሰ ጊዜ፣ ቀኑ ተገጣጥሞ ጥር 13 ቀን 2005 ዓ.ም.፣ በደቡብ አፍሪካ የዋንጫው ባለቤት ከነበረችው ከዛምቢያ ጋር ተጋጠመ። በረኛው ጀማል ጣሰው በቀይ ካርድ ወጥቶ በ10 ሰው ሲጫወት አዳነ ግርማ አገባና 1 ለ 1 ተለያዩ። በኋላ በቡርኪና ፋሶ 4 ለ 0፣ በናይጄሪያ 2 ለ 0 ተሸነፈ። ዳሩ ግን ባንዲራ ለብሰው ሜዳውን የሞሉት ኢትዮጵያውያን ዋንጫ ይመጣል ብለው የመጡ ይመስላችኋልን? እዚያ መድረሱን ለማየት ነው እንጂ።

አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። በ2010 ዓ.ም. ኅዳር ወር ወልድያ ከመቐለ ከተማ ጋር ሊጫወት በነበረበት ቀን ረብሻ ተነሥቶ የሰው ሕይወት ጠፋ፤ ጨዋታውም ሳይደረግ ቀረ። ይህ ከቡድን ፍቅር የመጣ ነው የሚል ቢኖር እኔ አልቀበለውም። ቡድኑን የሚወድ ሰው ጨዋታው እንዲደረግ ይፈልጋል፤ ቢሸነፍም እንኳ። ይልቁንም ከቆቦ እስከ አላማጣና ማይጨው ዘመድ ያለን እኛ እንግዳ ሆኖ የመጣን ተጋጣሚ እንዴት እንደምንቀበል ልንማር አይገባንም፤ ከቤታችን እናውቀዋለን።

ጓደኞቼ፤ የትምህርት ቤታችን ቡድን የፊታችን ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ይጫወታል። ባለፈው ጊዜ 3 ለ 0 መሸነፉን ሁላችሁም ሰምታችኋል፤ ያያችሁት ግን 20 አትሞሉም። ፀሐዩ ብርቱ ስለሆነ ውኃ የምታመጡ ብትኖሩ ተጫዋቾቹ ደስ ይላቸዋል፤ ለእንግዶቹም የሚበቃ ይሁን።