ጥንቸሏ ፀጉር ስትለውጥ

ፋሲካ ሲቃረብ አሽቀሎን ውስጥ ቤቱ ሁሉ ይገለበጣል፤ ሶፋው ይነሣል፣ ምንጣፉ ይራገፋል። ባለ ረጅም ፀጉር ጥንቸል ያለችበት ቤት ግን ጠዋት የተጠረገው ማታ መልሶ ፀጉር ይለብሳል። ጥንቸሏ የክረምት ፀጉሯን የምትጥለው በዚያው ሰሞን ነውና። ሁለተኛው ትልቅ ለውጥ ሙቀቱ በረድ ሲል፣ ወደ ስግድ በዓል ገደማ ይመጣል። ጊዜውን በዋናነት የሚወስነው የቀኑ ማጠርና መርዘም ስለሆነ፣ መብራት እስከ እኩለ ሌሊት በሚበራበት፣ ማዝጋን (አየር ማቀዝቀዣ) በማይጠፋበት አፓርታማ የምትኖር ጥንቸል ዓመቱን ሙሉ ስታራግፍ ብታዩ አይግረማችሁ።

ከፀጉረ ረጅሞቹ አንዷ ላዮንሄድ ናት፤ ረጅሙ ፀጉሯ በአንገቷና በፊቷ ዙሪያ ስለሆነ ብዙ አታስቸግርም። አንጎራ ግን መላ አካሏ ሱፍ ነው፤ በወር ከ2 እስከ 3 ሴንቲ ሜትር ያድጋል። ሰው ለሱፏ ብሎ ያራባት ስለሆነች ያለ ሰው እጅ ራሷን ማጽዳት አትችልም። አንጎራ ልግዛ ወይ ብሎ ለሚጠይቀኝ ሰው፣ ጊዜ በማይሰጥ ሥራ ከተያዝክ ተወው እለዋለሁ። «ጥንቸል ደግሞ ምን ሊሠራ ቤት ይገባል?» ለሚሉ አባቶችና እናቶች ደግሞ አንድ ቃል፦ ኦሪት ጥንቸልን ከማይበሉት ይቆጥራታል እንጂ ማሳደጓን አልከለከለም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ጥንቸል ራሷን በምላሷ ስለምታጸዳ የረገፈውን ፀጉር ትውጣለች። ድመት የዋጠችውን ታስመልሳለች፤ ጥንቸል ማስመለስ አትችልም። ከዚህ ተነሥቶ ብዙ ሰው «ፀጉር ሆዷን ደፈነው» ይላል። ነገሩ አብዛኛውን ጊዜ የተገላቢጦሽ ነው። በጤነኛ ጥንቸል ሆድ ውስጥም ሁልጊዜ ፀጉር አለ፤ አንጀቷ እስከሠራ ድረስ ከምግቡ ጋር ይወጣል። ድርቆሽ ሲያንሳት፣ ውሃ ሲጎድላት፣ ስትፈራ ወይም ጥርሷን ሲያማት ግን አንጀቷ ይዘገያል፤ በሆዷ ያለው ምግብና ፀጉር ውሃው እየተመጠጠ ይደርቃል፣ ይጠጥራል። አልፎ አልፎ፣ በተለይ በፀጉረ ረጅሞቹ፣ የተድበለበለ ፀጉር ቀጭኑን አንጀት በእርግጥም ይዘጋል። የአናናስ ጭማቂ ፀጉር ያሟሟል የሚባለው ግን እውነት አይደለም፤ ስኳሩ ሆዷን ከመረበሽ በቀር ምንም አይሠራም።

ስለዚህ ብሩሹን ከማንሣታችሁ በፊት ድርቆሹን ተመልከቱ። ከምትበላው ከአምስት እጅ አራቱ ድርቆሽ መሆን አለበት። ውሃውን ከጠርሙስ ይልቅ በማይገለበጥ ከባድ ሳህን ስጧት፤ ከሳህን ብዙ ትጠጣለች። በየጠዋቱም በጠጧን እዩ። ክብና እኩል ከሆነ ደህና ነው። ካነሰ፣ ከጠጠረ፣ ወይም በፀጉር ክር ተያይዞ ከወጣ ብሩሽም ውሃም ጨምሩ።

እዚህ ላይ የፋሲካን ነገር ላንሣ። በከረጢት የሚሸጠው እንክብል መኖ ብዙ ጊዜ ስንዴ ወይም ገብስ አለበት፤ በፋሲካ ቤት ውስጥ የማይቀመጥ ሐሜጽ ነው። ቤተሰቡ በዋዜማው አውጥቶ ይጥለውና ለጥንቸሏ አዲስ ነገር ያቀርብላታል። ፀጉሯን በምትጥልበት ሳምንት ምግቧ በአንድ ቀን ከተለወጠ አንጀቷ የሚቆምበትን መንገድ አመቻቸንላት ማለት ነው። ለውጡን ከ10 ቀን በፊት ጀምሩ፤ እንክብሉን በየቀኑ እየቀነሳችሁ ድርቆሹንና ቅጠላ ቅጠሉን ጨምሩ። የአጃ ድርቆሽ እሸቱ ሊኖርበት ስለሚችል የቲሞቲ ሣር ድርቆሽ ይሻላል። የሐሜጽን ሕግ ቄሳችሁን ወይም ራቢያችሁን ጠይቁ።

ማበጠሩን በተመለከተ፣ በለውጡ ወቅት በየቀኑ ነው። ጠረጴዛ ላይ አታስቀምጧት፤ ደንግጣ ከዘለለች ወይም በኃይል ከተራገጠች ወገቧ ሊሰበር ይችላል። መሬት ተቀምጣችሁ ጭናችሁ ላይ ያዟት። በጀርባዋ አትገልብጧት፤ ያኔ ፈዛ ዝም የምትለው ከፍርሃት እንጂ ተመችቷት አይደለም። መጀመሪያ ጥርሱ በሰፋ ሚዶ፣ ቀጥሎ ለስላሳ ብሩሽ፣ በመጨረሻ እጃችሁን በውሃ አርጥባችሁ ከላይ ዳብሷት፤ ልቅ የሆነው ፀጉር እጃችሁ ላይ ይቀራል። ከጆሮዋ ኋላ፣ በብብቷና ከጭራዋ ሥር ፀጉሩ ቶሎ ይቋጠራል። የተቋጠረውን እናቶቻችን ጥጥ እንደሚያፍታቱት፣ ሥሩን በጣት ይዛችሁ ከጫፉ ጀምራችሁ ፍቱት። መቀስ አታስጠጉ። የጥንቸል ቆዳ ስስ ስለሆነ ከፀጉሩ ጋር አብሮ ይነሣል፤ በመቀስ የተቀደደ ቆዳ መስፋት ከማልወዳቸው ሥራዎች አንዱ ነው። እምቢ ያለውን ቋጠሮ ሐኪም በመላጫ ያንሣው። አትጠቧት፤ ትደነግጣለች፣ ይበርዳታል፣ የረጠበውም ሱፍ ይበልጥ ይጣበቃል። ለውሻና ለድመት የሚሸጠውን ፊፕሮኒል ያለበትን የቁንጫ መድኃኒትም አትቀቧት፤ ይገድላታል።

የባሕሩ ወበቅ ሌላ ጣጣ ነው። ጥንቸል አታልብም፤ ሙቀቷን የምታስወጣው በአብዛኛው በጆሮዋ ነው። ከ26 ዲግሪ በላይ ስትቸገር ታያላችሁ፤ ሻራብ የሚባለው ደረቅ የሙቀት ነፋስ ሲነሣማ በረንዳ ላይ መተው ለሞት ነው። አንጎራን ከበጋ በፊት ባለሙያ ያሳጥርላት። ከጭራዋ ሥር የቆሸሸ ፀጉር ካለ ዝንብ እንቁላል ይጥልበታል፤ በሙቀት ጊዜ ከአንድ ቀን ባነሰ ጊዜ ትል ይሆናል። በበጋ ጠዋትና ማታ እዩት።

እኛ ዘንድ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። የሮኬት ማስጠንቀቂያ ሳይረን ሲጮህ በአሽቀሎን ወደ መጠለያ ለመግባት ያለን ጊዜ 30 ሰከንድ ነው፤ ጥንቸል አሳዶ ለመያዝ አይበቃም። ከተቻለ ቤቷን ማማድ (የቤቱ መጠለያ ክፍል) ውስጥ አድርጉት። ከድንጋጤ በኋላ ባለው ቀን መብላቷንና በጠጧን ተከታተሉ፤ አንጀት በፍርሃትም ይቆማል።

ለ12 ሰዓታት ያህል ካልበላች ወይም በጠጥ ካልጣለች፣ ተኮማትራ ከተቀመጠች፣ ጥርሷን ካፋጨች፣ እስከ ነገ አትጠብቁ። ወደ ክሊኒኩ ስትደውሉ በመጀመሪያ «ጥንቸል የሚያክም ሐኪም አላችሁ ወይ?» በሉ፤ ሁሉም የውሻና የድመት ሐኪም ጥንቸል አያክምምና። ዛሬ ጥንቸላችሁ ጤነኛ ሳለች ያንን ስልክ ፈልጋችሁ ፍሪጁ ላይ ለጥፉት።