ጥማትን ስለሚችል አትክልት



በትምህርት ቤታችን የልደት በዓል ስለ እሬት ጥቂት ቃል እንድናገር ስለ ተፈቀደልኝ ምስጋናዬ ከፍ ያለ ነው። «እሬት ደግሞ ምን ንግግር ያስፈልገዋል?» ብላችሁ እንዳትስቁብኝ አስቀድሜ እለምናለሁ።

የዛሬ ሦስት ዓመት በደጃችን ጽጌረዳ ተከልሁ። በበጋ ውሃ የምትቀዳለት ታናሽ እህቴ ነበረች። አንድ ማለዳ እንስራ ተሸክማ ከወንዝ ስትመጣ ደወል ተደወለ። እኔ ደብተሬን ይዤ ሮጥሁ፤ እርስዋ ግን ዘግይታ ከትምህርቷ ቀረች። ያን ቀን አበባዬ አሳፈረኝ። በጽጌረዳው ፈንታ ከገደል አፋፍ እሬት አምጥቼ ተከልሁ።

እሬት ለአገራችን እንግዳ አይደለም። ሊቃውንት በኢትዮጵያና በኤርትራ ከ40 የሚበልጡ ዓይነቶች ቈጥረዋል። ጥማትን የሚችልበት ጥበብ ሁለት ነው። አንደኛ፣ በክረምት ያገኘውን ውሃ በወፍራም ቅጠሉ ያከማቻል። ሁለተኛ፣ ሌላው አትክልት ቀን የሚከፍተውን የቅጠል ቀዳዳ እርሱ ሌሊት ይከፍታል፤ ስለዚህ ውሃው በፀሐይ ብዙ አይተንበትም።

እኔ ግን ይህን ሳላውቅ፣ ለእህቴ ካሣ ይሆን ዘንድ ራሴ እየቀዳሁ በየማታው አጠጣሁት። ሥሩ በሰበሰና ሞተ። ለካ እሬትን ከጥማት ይልቅ የውሃ ብዛት ይገድለዋል!

እንግዲህ ለመትከል የምትፈልጉ፣ አፈሩን ከአሸዋና ከጠጠር ጋር ደባልቁ፤ ውሃ የማይተኛበት ተዳፋት ምረጡ። ከእናቲቱ ሥር የበቀለውን ቡቃያ ለዩና ቁስሉ እስኪደርቅ ጥቂት ቀን በጥላ አኑሩት። ከተከላችሁትም በኋላ አንድ ሳምንት ያህል አታጠጡት። አንዳሁላም ከተቈረጠ ግንዱ እንዲሁ ይበቅላል። ቁልቋልን ለአጥር የምትተክሉ ግን ወተቱ ዓይን ይጐዳልና ከሕፃናት አርቁት።

በዚህ ዓይነት ሁለተኛ ጊዜ የተከልሁት እሬት ዛሬ በደጃችን አብቦ ቆሞአል፤ ወፎችም ማሩን ይቀስማሉ። እህቴም ደወል ሳይደወል ከክፍሏ ትገኛለች።

እኛ የመጨረሻ ክፍል ተማሪዎች በቅርቡ ከዚህ ግቢ እንወጣለን። በቤተ መጻሕፍቱ መንገድ ዳር የተከልናቸው 12 እሬቶች ግን ይቀራሉ። ታናናሾቻችን ሆይ፣ አደራችን ውሃ እንድታበዙላቸው ሳይሆን እንዳታበዙባቸው ነው።