የናይትሮጅን ሦስት እጥፍ ትስስርና የሆመቾ ጓሮ



በሐዲያ ዞን በሆመቾ ዙሪያ እንሰት የሚተከለው ከቤት ርቆ ሳይሆን ከደጃፍ ነው። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ የበረት ጠረጋና ፍግ በእናቶችና በልጃገረዶች እጅ ወደ እንሰቱ ሥር ይወሰዳል። ስንዴው ግን ራቅ ብሎ ስለሚዘራ ፍጉ አይደርሰውም፤ በገንዘብ የሚገዛ ዩሪያ ይጠብቃል። ይሁን እንጂ ከሁለቱም ማሳዎች በላይ የሚነፍሰው አየር ከአምስት እጁ አራቱ ያህል ናይትሮጅን ነው። ተክሉ በናይትሮጅን ተከቦ ሳለ ናይትሮጅን የሚራበው ስለ ምንድን ነው? መልሱ በአቶሞች ትስስር ውስጥ ይገኛል።

ሁለት አቶሞች ኤሌክትሮኖችን ሲጋሩ ኮቫለንት ትስስር ይፈጠራል። የተጋሩት አንድ ጥንድ ከሆነ ነጠላ፣ ሁለት ከሆነ ድርብ፣ ሦስት ከሆነ ሦስት እጥፍ ይባላል። የጋራ ኤሌክትሮኖች በበዙ ቁጥር ሁለቱ ኑክሊየሶች ይበልጥ ስለሚቀራረቡ ትስስሩ ያጥራል፤ ይጠነክራልም። በካርቦንና በካርቦን መካከል ነጠላው 154 ፒኮሜትር ያህል ይረዝማል፤ ለመበጠስም በሞል 347 ኪሎጁል ገደማ ይጠይቃል። ድርቡ 134 ፒኮሜትርና 611 ኪሎጁል፣ ሦስት እጥፉ 120 ፒኮሜትርና 839 ኪሎጁል ገደማ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ማስተዋል ይገባል። የካርቦን ሦስት እጥፍ ትስስር የነጠላውን ሦስት ጊዜ ያህል አይጠነክርም። ተጨማሪዎቹ ጥንዶች ከኑክሊየሶቹ መስመር ጎን ስለሚውሉ እንደ መጀመሪያው ጥንድ አጥብቀው አይዙም። በናይትሮጅን ዘንድ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ነጠላው 145 ፒኮሜትርና 160 ኪሎጁል ገደማ፣ ድርቡ 125 ፒኮሜትርና 418 ኪሎጁል ገደማ ሲሆን፣ ሦስት እጥፉ 110 ፒኮሜትርና 945 ኪሎጁል ነው። ነጠላው የሚደክመው በሁለቱ አቶሞች ላይ ያሉት ያልተጋሩ ኤሌክትሮኖች እርስ በርስ ስለሚገፋፉ ነው። እንግዲህ ካርቦን ከሦስት እጥፍ ወደ ድርብ ሲወርድ 228 ኪሎጁል ብቻ ሲበቃው፣ ናይትሮጅን 527 ይፈልጋል። በሩ ከመግቢያው ላይ ተቆልፏል ማለት ነው።

ፍሪትዝ ሃበር እ.ኤ.አ. በ1909 አሞኒያን ከአየር ናይትሮጅን መሥራት እንደሚቻል አሳየ፤ ካርል ቦሽም ሥራውን ወደ ኢንዱስትሪ አሸጋግሮ በ1913 የኦፓው ፋብሪካ ማምረት ጀመረ። አሞኒያ ሲፈጠር ሙቀት ይወጣል እንጂ አይገባም፤ ችግሩ መጀመሩ ላይ ነው። ስለዚህ የብረት ካታሊስት፣ ከ400 እስከ 500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀትና ከመቶ አትሞስፌር የበለጠ ግፊት ያስፈልጋል። በባቄላና በአተር ሥር የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ደግሞ ያንኑ ትስስር በአፈሩ ሙቀት ይፈቱታል፤ ዋጋውን ግን ተክሉ በስኳር ይከፍላቸዋል።

ኢትዮጵያ ዩሪያን የምታስገባው በውጭ ምንዛሪ ነው። በነሐሴ 2017 ዓ.ም. በጎዴ ፋብሪካ ለማቋቋም ከዳንጎቴ ኩባንያ ጋር ውል ተፈርሟል። ፋብሪካው ቢቆምም እንኳ፣ አንድ ኩንታል ዩሪያ የያዘው 46 ኪሎ ናይትሮጅን በከባድ ዋጋ የተፈታ መሆኑ አይለወጥም። በአፈር ላይ ተበትኖ ሳይቀበር የቀረ ዩሪያ ወደ አሞኒያ ተለውጦ በከፊል ይበንናል፤ የገበሬው ገንዘብም አብሮት ይሄዳል።

የፍጉም ጉዳይ ከዚህ አይለይም። በፍግ ውስጥ ያለው ናይትሮጅን አስቀድሞ ከዚያ ጽኑ ትስስር የወጣ ሀብት ነው። ኩበት ሆኖ ሲነድ አብዛኛው ወደ አየር ይመለሳል፤ ከዚያም ብዙው ያንኑ 945 ኪሎጁል የሚጠይቅ ትስስር ዳግም ይታሰራል። በባዮጋዝ ጉድጓድ ውስጥ ሲብላላ ግን ካርቦኑ ለምድጃ ጋዝ ይሆናል፤ ናይትሮጅኑ በዝቃጩ ውስጥ ቀርቶ ለእንሰቱ ይተርፋል። አንዱ ፍግ ለእሳትም ለጓሮም ይበቃል ማለት ነው።

የመሐንዲሱ ድርሻ እንግዲህ ፋብሪካ መንደፍ ብቻ አይደለም። አንድ ጊዜ የተፈታው ትስስር በከንቱ እንዳይታሰር መጠበቅም ሙያው ነው። የሆመቾ እናቶች የኪሎጁሉን ቁጥር ሳያውቁ ፍጉን ወደ እንሰቱ ሥር ሲወስዱ ይህንኑ ሲሠሩ ኖረዋል። ቁጥሩን የሚያውቁት ባለሙያዎች ከእነርሱ ያነሰ ሊሠሩ አይገባም።