ቁልፉ የልጅቷ ይሁን
(በማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ ከትምህርት ኮሚቴው የቀረበ ንግግር)



እዚህ ዋሽንግተን ለእንጀራም ሆነ ለቡና ዩ ስትሪት ያልሄደ በመካከላችን የለም። ከዚያ ብዙም ሳይርቅ፣ ሌድሮይት ፓርክ ሰፈር ውስጥ፣ ሉሲ ስሎው ሆል በሚል ስም የተሠራ ማደሪያ አለ። ሉሲ ሲባል ሁላችንም ድንቅነሽ ትዝ ትለናለች። ይህ ቤት የተሰየመው ግን ለወይዘሪት ሉሲ ዲግስ ስሎው ነው።

ወይዘሪት ስሎው ወላጆቻቸውን በልጅነታቸው አጥተው ያሳደጓቸው አክስታቸው ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1908 ከሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ተመረቁ። በ1917 በጥቁር አሜሪካውያን ብሔራዊ የቴኒስ ውድድር አሸነፉ። በ1922 ደግሞ የሃዋርድ የመጀመሪያዋ የሴት ተማሪዎች ዲን ሆኑ።

በዚያን ጊዜ የሴቶች ዲን ለብዙዎች ከዶርም ፕሮክተር የተለየች አልነበረችም፤ ልጃገረዶቹ በሰዓቱ መግባታቸውን ትጠብቅ ዘንድ ነበር የሚፈለገው። ወይዘሪት ስሎው ግን ሴት ተማሪ ራሷን ማስተዳደር መማር አለባት ብለው ያምኑ ነበር። ለዚህም ደህና ማደሪያ ያስፈልጋል ብለው ለዓመታት ወተወቱ፤ በ1931 ሦስት የሴቶች ማደሪያዎች በግቢው ተከፈቱ።

እሳቸው ራሳቸው ግን ደመወዛቸው ከወንዶቹ ዲኖች ያነሰ ነበር። በ1930ዎቹ ከገዛ ቤታቸው ወጥተው ግቢ ውስጥ እንዲኖሩ ሲታዘዙ አጥብቀው ተቃወሙ። በ1937 በሥራ ላይ እንዳሉ ዐረፉ።

በጦርነቱ ዘመን ለመንግሥት ሥራ ወደ ዋሽንግተን የመጡ ጥቁር ሴቶች በዘር መድልዎ ምክንያት የሚከራዩት ክፍል አጡ። በ1942 መንግሥት ማደሪያ ሲሠራላቸው በወይዘሪት ስሎው ስም ተጠራ። ኋላ ሃዋርድ ወስዶ የተማሪዎች ዶርም አደረገው።

ይህን ያነሳነው ያለ ምክንያት አይደለም። ማኅበራችን ለሴት ተማሪዎች የክፍል ኪራይ ይረዳል። ባለፈው ስብሰባ «የምንከፍለው እኛ ከሆንን ማታ ስንት ሰዓት እንደሚገቡ፣ ማን እንደሚጠይቃቸው ማወቅ አለብን» የሚል ሐሳብ ቀርቧል። ሐሳቡ ከእናት አንጀት የመጣ መሆኑን እናውቃለን። ነገር ግን ብዙዎቻችን ወደዚህ አገር ስንመጣ ሰው ቤት ተጠግተን ኖረናል። የራሱ ቁልፍ የሌለው ሰው ሲስቅ እንኳ ድምፁን ቀንሶ ነው። ለልጆቻችን ያንኑ ልናወርስ አይገባም።

ስለዚህ ኮሚቴው የሚለው ይህ ነው። የኪራይ ደረሰኝ እንጠይቅ፤ ትምህርቷን መቀጠሏን የሚያሳይ ወረቀትም እንጠይቅ። ይህ ገንዘባቸውን ላመኑን ለጋሾች የሚገባ ሒሳብ ነው። ችግር ሲገጥማት የምትደውልላት አንዲት እህት ከመካከላችን ትመደብላት። መውጫና መግቢያዋን ግን ለእሷ እንተውላት፤ ቁልፉ የልጅቷ ይሁን።

ዛሬ ድምፅ ስትሰጡ ይህን እንድታስቡበት በአክብሮት እንጠይቃለን።