ጉድለትን በኅብረት ስለ መመርመር
(በመምህራን ማኅበር ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



ሊቃውንት ያወቁትን ሲለዋወጡ ዕውቀት ይበረክታል፤ የተሳሳቱትን ሲለዋወጡ ደግሞ ሞያ ይጸናል። ለዚህ ምስክር የሚሆነን በዕድሜው ወጣት የሆነው የሶፍትዌር ምሕንድስና ነው፤ ይኸውም ኮምፒዩተር የሚመራበትን የትእዛዝ ጽሑፍ በሥርዐት የማዘጋጀት ሞያ ነው። ዘመኑን ሁሉ በኤውሮፓ አቈጣጠር እጠራለሁ።

በኦክቶበር 1968 ከ11 አገሮች የተውጣጡ 50 ያህል ሰዎች በጀርመን አገር ጋርሚሽ በምትባል ከተማ ተሰበሰቡ። ከመካከላቸው የዩኒቨርሲቲ መምህራን፣ የኮምፒዩተር ሠሪዎችና ተጠቃሚዎች ነበሩ። በዚያን ጊዜ ትልልቅ ፕሮግራሞች ከቀጠሮአቸው ይዘገዩ፣ ከተመደበላቸው ገንዘብ ያልፉ፣ ሥራ ከጀመሩም በኋላ ይሳሳቱ ነበር። ጉባኤተኞቹ ይህን ሳይሸፋፍኑ ተነጋገሩበት፤ ፔተር ናውርና ብራያን ራንደል ያዘጋጁት የጉባኤው መዝገብም በ1969 ወጣ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም፣ ለሃምሳ ሰው ግን ጌጥ ነው እንደሚባለው፣ አንዱ ለብቻው ያፍርበት የነበረው ጉድለት የሁሉም የጥናት ርእስ ሆነ።

በ1976 ደግሞ የአይቢኤም ባልደረባ የነበረው ማይክል ፋገን ስለ ፕሮግራም ምርመራ ጥናቱን አሳተመ። በዚህ ሥርዐት አራት ያህል ሰዎች ተቀምጠው የባልደረባቸውን ጽሑፍ በዝርዝር ይመረምራሉ፤ አንዱ ስብሰባውን ይመራል፤ የተገኘው ስሕተት ይመዘገባል፤ ማረሙ ግን ለጸሐፊው ይተዋል። ከደንቡ ሁሉ የሚበልጠው፣ የተገኘው ስሕተት የጸሐፊውን ችሎታ ለመመዘን እንዳይውል መከልከሉ ነው። ሰው በገለጠው ጉድለት የሚቀጣ ከሆነ ሌላ ጊዜ ይደብቀዋልና።

በቂ ምርመራ የጎደለ እንደ ሆነ የሚከተለው በጁን 4 ቀን 1996 ታይቷል። አርያን 5 የተባለው የኤውሮፓ ሮኬት በፈረንሳይ ጉያና ከኩሩ በተነሣ በ40 ሴኮንድ ገደማ ፈነዳ። ለአርያን 4 ተጽፎ የነበረ አንድ የፕሮግራም ክፍል በአዲሱ ሮኬት ላይ ሳይለወጥ ተሠርቶበት ነበር፤ የአዲሱ ሮኬት የአግድም ፍጥነት የወለደው ቍጥር ግን ከተመደበለት ቦታ አለፈ። ተጠባባቂው መሣሪያም ያንኑ ፕሮግራም ይዞ ስለ ነበር አልረዳም። በሒሳብ ሊቁ ዣክ ሉዊ ሊዮንስ የሚመራው መርማሪ ጉባኤ ከሁለት ወር ባነሰ ጊዜ ምክንያቱን ለሕዝብ ስለ ገለጠ፣ ዛሬ ብዙ ተማሪዎች ይማሩበታል።

እኛስ? ያምናውን የትምህርት ማስታወሻ ለአዲስ ክፍል ሳይመረምር የሚያነብ መምህር፣ የአሮጌውን ሮኬት ፕሮግራም በአዲሱ ላይ እንደ ጫነ ሰው ነው። ባልደረባ ሳያነበው የተባዛ ፈተናም ስሕተቱ የሚታወቀው ተማሪው ከተጎዳ በኋላ ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይላሉ አበው። ሹማምንት ሆይ፣ ክፍል ስትጎበኙ የምትጽፉት ማስታወሻ መምህሩ በሽታውን እንዲነግራችሁ ያደፋፍረዋልን?

ስለዚህ ሁለት ነገር አሳስባለሁ። አንደኛ፣ በየትምህርት ቤቱ አንድ ዐይነት ትምህርት የሚያስተምሩ መምህራን ፈተናቸውንና ማስታወሻቸውን እርስ በርሳቸው ይመርምሩ፤ መዝገቡም ከሹመትና ከደመወዝ ፋይል ይለይ። ሁለተኛ፣ ማኅበራችን የተገኙትን ጉድለቶችና መፍትሔያቸውን የሰው ስም ሳይጠራ በየዓመቱ ያሳትም። ተማሪዎቻችን የሚወርሱት የታረመ ሥራችንን ይሁን።