ከማሳ እስከ ሸማች፦ የባቲ ሰኞ

(የገበያ ሁካታ፣ የፍየል ድምፅ፤ ቀስ እያለ ዝቅ ይላል)

አቅራቢ፦ ሰኞ ነው፤ በኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን፣ ባቲ ገበያ ላይ ነን። ከደጋው እህል የጫኑ አህዮች ይወርዳሉ፤ ከቆላው አፋሮች ግመልና ፍየል እየነዱ ይመጣሉ። ኦሮምኛ፣ አማርኛና አፋርኛ በአንድ የዋጋ ክርክር ይደባለቃሉ። እሁድ ደግሞ የሰንበቴ ከተማ ገበያ ተራ ነው።

እዚህ ገዢ ከገበሬው ጋር ፊት ለፊት ይገናኛል። አንዲት እናት ማሽላውን ዘገን አድርገው በመዳፋቸው ያሹታል፤ አንዷን ፍሬ በጥርሳቸው ሰበር ያደርጋሉ። ጣሳው ሲሞላ፣ «በል መርቅልኝ!» ይላሉ። ምርቃቱ ሲታከል ግብይቱ አለቀ።

ችግሩ የሚመጣው መሀል ላይ እጅ ሲበዛ ነው። በከሚሴ ዙሪያ፣ በቦርከና ወንዝ ዳር የለማ ቲማቲም ከደላላ ወደ ደላላ ሲተላለፍ ዋጋው ይወጣል፤ ወደ ገበሬው ኪስ የሚገባው ግን ያው ነው።

ታዲያ ምን ይበጃል? አንዱ መንገድ የኅብረት ሥራ ማኅበር ነው። በአዋጅ ቁጥር 985/2009 መሠረት የሚቋቋም የገበሬዎች ማኅበር ምርትን ሰብስቦ በጋራ ይሸጣል። የመሠረታዊ ማኅበር አባል ዕጣው ቢበዛም ቢያንስም ድምፁ አንድ ነው። ሌላው በየከተማው የተስፋፋው የእሁድ ገበያ ነው፤ አምራቾችና ማኅበራት ምርታቸውን በቀጥታ ለሸማቹ ያቀርቡበታል።

የእሁድ ገበያ ስሙ አዲስ ይሁን እንጂ፣ ሐሳቡን ባቲ ድሮም ታውቀዋለች።

(የገበያው ድምፅ ከፍ ብሎ ይጠፋል)