ስለ መጀመሪያዎቹ ሦስት የእርግዝና ወራት በእድራችን ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር

(ይህ ንግግር በእድራችን ወርሃዊ ስብሰባ ላይ በእድሩ ጸሐፊ የተደረገ ነው። በዕለቱ ላልተገኙ አባሎች እንዲደርስ ተብሎ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ተለጥፏል።)



የወሩ መዋጮ ተሰብስቦ ካለቀ ዘንድ ጥቂት ደቂቃ እንድትሰጡኝ ሊቀመንበሩን አስፈቅጄ ነው የቆምኩት። የምናገረው ስለ እርግዝና ነው። ወንዶችም የሴት ጉዳይ ነው ብላችሁ እንዳትወጡብኝ በትሕትና እጠይቃለሁ። እንደምታውቁት የተማርኩት እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው፤ ሐኪም አይደለሁም። የምነግራችሁ በራሴ የደረሰውንና ከጤና ጣቢያ አዋላጅ ነርስ እየጠየቅሁ በደብተሬ ያሰፈርኩትን ነው።

ለዚህ ንግግር ያነሳሳኝ ባለፈው ክረምት በሰፈራችን የሆነው ነው። አንዲት ተከራይ እህታችን ሌሊት ሆዷን በአንድ ጎን ያዛት። የማወራው ፈቃዷን ጠይቄ ነው፤ ስሟን ግን አልጠራም። ባለቤቷ የሌሊት ተረኛ ነበር። ጎረቤት ተሰበሰበ። አንዷ ብርድ ነው ብላ ሆዷን አሸች፣ አንዷ ዝንጅብል አፈላች። እርጉዝ መሆኗን የሚያውቅ አንድም ሰው አልነበረም። እሷም አልተናገረችም፤ ገና ሁለት ወሯ ነበርና «ሦስት ወር ሳይሞላው አይወራም» ብላ ይዛዋለች። መኪና የተፈለገው ራሷን ስታ ስትወድቅ ነው። ሆስፒታል ሲደርሱ ፅንሱ ከማህፀን ውጭ፣ በቱቦው ውስጥ ይዞ ኖሯል፤ ቱቦው ፈንድቶ ደሙ ወደ ሆዷ ይፈስ ነበር። ቀዶ ጥገና ተደርጎላት፣ ደም ተሰጥቷት ተረፈች። ዝንጅብሉን ያፈላሁት እኔ ነኝ። አንድ ሰዓት ያህል በእኔ ዝንጅብል ጠፍቷል። ብናውቅ ኖሮ ያን ሰዓት አናጠፋውም ነበር።

ለምን እንደምንደብቅ አውቃለሁ፤ አልፈርድም። ዓይን ይበላዋል ይባላል። ቢወርድስ፣ ሰው ምን ይላል የሚል ፍርሃት አለ። እፍረትም አለ። እኔም ደብቄያለሁ።

በ1993 ዓ.ም. ነው፤ ገና ሙሽራ ነበርኩ፣ የምንኖረውም ከአማቴ ጋር ነበር። መጀመሪያ የጠላሁት የቡና ቁሌት ነው። ቡና ወዳጅ ነበርኩ እኮ! ብረት ምጣዱ ሲጣድ ሆዴ ይገለበጣል። የሽንኩርት ቁሌትም እንደዚያው። ከአጥር ጀርባ ሄጄ አስመልስና ሰው እንዳያይ አመድ እነሰንስበታለሁ። ምራቄ አፌን ሞልቶ አያልቅም። ደግሞ እንቅልፉ! ቆሜ የምተኛ ይመስለኝ ነበር። አማቴ፣ ነፍሳቸውን ይማር፣ «በጠራራ ፀሐይ የምትተኛ ሙሽራ አየሁ» አሉ፤ ባያውቁ ነው። ዝናብ ሲነካው የሚሸት የጭቃ ግድግዳ ደግሞ ያምረኝ ነበር። ሰው ዞር ሲል ቆርሼ በልቻለሁ፤ እንዲህ ያደረጋችሁ እዚህም እንደምትኖሩ ፊታችሁ ይነግረኛል። ውሃ ከቦኖ የማመላልስ እኔ ነበርኩ፣ በባለ 20 ሊትር ጀሪካን።

አሥረኛው ሳምንት ገደማ ደም አየሁ። በማግስቱ አለቀ።

ያኔ የሰማሁትን ዛሬም አልረሳውም። «ጀሪካን ተሸክማ ነው» አሉ። «በዓል ሳታከብር ውሃ ቀድታ ነው» አሉ። «አምሮቷን ደብቃ ነው» ያለችም አለች። እኔም አመንኩ። ልጄን በገዛ ጀርባዬ የጣልኩት መሰለኝ። ለዚያ ልጅ ድንኳን አልተተከለለትም፣ ለቅሶ የደረሰኝ የለም፣ ስም እንኳ አልነበረውም። በሦስተኛው ቀን ወደ ቦኖው ተመለስኩ። ለባለቤቴም ያሰብኩትን አልነገርኩትም። በ1995 ዓ.ም. ልጅ ወልጄ እንኳ አለቀቀኝም። የተገላገልኩት በ1999 ዓ.ም. ነው፤ ስለ ቀድሞ እርግዝናዬ የጠየቀችኝ አዋላጅ ብዕሯን አስቀምጣ «እትዬ፣ አንቺ አይደለሽም የጣልሽው» አለችኝ። እዚያው ወንበር ላይ አለቀስኩ።

አዋላጇ ያስረዳችኝ እንዲህ ነው። ከታወቀ እርግዝና መቶ ቢቆጠር ከ10 እስከ 20 የሚሆነው በራሱ ይወርዳል፤ አብዛኛውም በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ነው። በዚህ ጊዜ ከሚወርደው ግማሽ ያህሉ ወይም ከዚያ የበዛው ፅንሱ ከጅምሩ በትክክል ሳይፈጠር ቀርቶ ነው፤ ከእናትና ከአባት የሚወርሰው ክሮሞዞም የሚባለው ይጎድላል ወይም ይተርፋል። ይህን ጀሪካን አያመጣውም፣ በዓል መሻርም አያመጣውም። ይህን ስል ነፍሰ ጡሯን ጀሪካን አሸክሙ ማለቴ አይደለም። ሸክሙ ይቅርላት፤ ጥፋቱን ግን አታሸክሟት ነው የምለው።

እንግዲህ በነዚህ ወራት ደንበኛ የሆነውንና ያልሆነውን እንለይ። ማቅለሽለሹ አብዛኛውን ጊዜ ከስድስተኛው ሳምንት ገደማ ይጀምርና እስከ አሥራ ስድስተኛው ሳምንት ድረስ ይቀላል። ድካም፣ እንቅልፍ፣ የጡት ሕመም፣ ቶሎ ቶሎ ሽንት መምጣት፣ ያለ ምክንያት ማልቀስና መናደድ፣ ይህ ሁሉ ያለ ነው። ለማቅለሽለሹ ጠዋት ከአልጋ ሳይነሱ ደረቅ ዳቦ ወይም ትንሽ ቆሎ መቅመስ፣ ሆድን ባዶ አለማድረግ፣ ጥቂት ጥቂት እየደጋገሙ መብላት ይረዳል። ዝንጅብልም ለማቅለሽለሽ ጥሩ ነው፤ እኔ ያፈላሁት ላልሆነ ቦታ ነው እንጂ።

ደንበኛ ያልሆነው ደግሞ ይህ ነው። ደም ማየት፣ ነጠብጣብም ቢሆን። ብርቱ የሆድ ቁርጠት፣ በተለይ ባንድ ጎን። ራስን መሳት። ትኩሳት። ውሃ እንኳ ሳይቀር ሁሉን ማስመለስና ሽንት ማነስ፤ ይህቺ ሴት ግሉኮስ ያስፈልጋታልና «የእርግዝና ነው፣ ይለቃታል» ተብላ አትተው። ከነዚህ አንዱ ከታየ ሰዓት ሳይባል ወደ ሕክምና ነው። ቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ይጠራል።

ወደ ጤና ጣቢያ መቼ ይኬድ? ሆድ ሲገፋ የሚመስለን ብዙ ነን። በ2008 ዓ.ም. በአገራችን በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ምርመራ የጀመሩት ከመቶ እናቶች 20 ብቻ ነበሩ። በ2011 ዓ.ም. ደግሞ 28 ሆኑ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2009 ዓ.ም. ያወጣው መመሪያ ነፍሰ ጡር ቢያንስ 8 ጊዜ እንድትታይ፣ የመጀመሪያውም ከ12 ሳምንት በፊት እንዲሆን ይላል። በመንግሥት ጤና ጣቢያ የእርግዝና ክትትል በነፃ ነው፤ ገንዘብ የለኝም ብሎ መቅረት አያስፈልግም።

እዚያ ምን ይደረጋል ለምትሉ፣ ክብደትና የደም ግፊት ይለካል። ከደሟ የደም ዓይነቷ፣ የደም ማነስ፣ ኤች አይ ቪ፣ ቂጥኝና የጉበት ቫይረስ ይታያል። ቫይረሱ ቢገኝባት መድኃኒቱን ወዲያው ትጀምርና ልጇ ነፃ ሆኖ የመወለድ ዕድሉ ሰፊ ነው፤ በስምንተኛው ወር ከመጣች ግን ብዙ ጊዜ አምልጧታል። የመንጋጋ ቆልፍ ክትባትም አለ። የብረትና የፎሊክ አሲድ ክኒን ይሰጣል። ስለ ፎሊክ አሲድ አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ እኔን በጣም ያስገረመኝ ነው። የልጁ አንጎልና አከርካሪ የሚሠራበት ቱቦ የሚገጥመው ከተፀነሰ በ28 ቀን ገደማ ነው። ያኔ እናትየው የወር አበባዋ ቀረ አልቀረ ገና ትጠራጠራለች! ስለዚህ መውለድ ያሰበች ሴት ክኒኑን ሳታረግዝ መጀመር ይገባታል። አዲስ ሙሽሮች ያላችሁ አማቶች ይህን ልብ በሉልኝ።

የመውለጃ ቀኑንም በእኛው ካሌንደር መቁጠር ቀላል ነው። ከመጨረሻው የወር አበባ የመጀመሪያ ቀን ተነስቶ ዘጠኝ ወር ከአሥር ቀን ነው። መስከረም 5 ያየች ሰኔ 15 ገደማ ትወልዳለች። በመካከል ጳጉሜ ካለች በአሥሩ ቀን ፈንታ አምስት ይደመራል፤ ጳጉሜ ስድስት በምትሆንበት ዓመት አራት። የካቲት 10 ያየች ኅዳር 15 ገደማ ማለት ነው። ያቺን ቀን በግድግዳው ካሌንደር ላይ ማክበብ ነው፤ አዋላጇ መጀመሪያ የምትጠይቀው እሷን ነው።

ስለ ምግብ ባጭሩ። ጥሬ ሥጋና ለብ ለብ ክትፎ፣ ያልተፈላ ወተት ይቅርባት፤ ፅንሱን የሚጎዳ በሽታ ያመጣል። አልኮል፣ ጠላም ጠጅም፣ እንዲሁም ጫት ይቅር። ቡና ከወደደች አቦሉን አንድ ስኒ ትጠጣ፣ ቶናና በረካውን ለኛ ትተውልን። ኮሶ መጠጣት ክልክል ነው። ጤና አዳም በብዛት እየቀቀሉ መጠጣትም ማህፀን ያነሳሳል ይባላልና አይደረግ። ከመድኃኒት ቤት ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚገዛ ክኒንም እንዲሁ። አፈር ያማራት ደግሞ አትሳቁባት፤ ደም ሲያንስ እንዲህ ያደርጋልና ለአዋላጇ ትንገር። ስለ ጾም የምትጨነቅ የነፍስ አባቷን ትጠይቅ። እስላም እህቶቻችንም ለራሳቸው ወይም ለፅንሱ ከፈሩ ረመዳንን አፍጥረው በኋላ መክፈል እንደሚፈቀድላቸው ታውቃላችሁ።

ተቀጥራችሁ ለምትሠሩ፣ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለእርግዝና ምርመራ ደመወዝ የሚከፈልበት ፈቃድ እንዲሰጥ ያዛል። «ከሥራ እቀራለሁ» ብላችሁ ምርመራውን አትተዉ።

(እዚህ ላይ አንድ አባት እጃቸውን አውጥተው «ሴቲቱ ራሷ ካልተናገረች እኛ ምን ልናደርግ እንችላለን?» ሲሉ ጠየቁ።)

ጋሼ፣ ጥሩ ጠየቁ። ለሰፈር ሁሉ ትናገር ማለቴ አይደለም። ምስጢሯ ነው። ግን ባሏና አንዲት ደግ ጎረቤት ይወቁላት፣ ሌሊት የሚያንኳኳ እንዲኖር። ባል ደግሞ ጀሪካኑን ይያዝ፣ ቡናው ደጅ ይቆላ፣ በመጀመሪያው ምርመራ አብሯት ይሂድ። ፅንስ ለወረደባትም ቢሆን ሄዳችሁ «አይዞሽ» በሏት፤ ምን ተሸክመሽ ነበር ብላችሁ አትመርምሯት። አጥሚት ወይም ሾርባ ይዛችሁ ሂዱ። ይህን እድራችን በደንቡ ላይ ባይጽፈውም ጉልበታችን ያደርገዋል።

ኮሚቴው ከዚህ ስብሰባ በፊት ተነጋግሮ ሁለት ነገር ወስኗል። አንደኛ፣ ነፍሰ ጡሮች በምስጢር የሚያማክሯቸው ሦስት እናቶች ተመርጠዋል፤ አንዷ እኔ ነኝ፣ የሌሎቹን ቤት መጥታችሁ ጠይቁኝ። ሁለተኛ፣ ለሌሊት መኪና የሚሆን ገንዘብ ከእድሩ ሣጥን ተለይቶ በገንዘብ ያዡ ቤት ተቀምጧል። ተከራይም ብትሆን፣ የእድሩ አባል ባትሆንም ይሰጣታል። ደረሰኝ በማግስቱ ይደርሳል፤ ሌሊት ፊርማ የሚጠይቅ የለም። የገንዘብ ያዡ በር ከወፍጮ ቤቱ ቀጥሎ ያለው ሰማያዊው ቆርቆሮ ነው። ውሻው ይጮሃል እንጂ አይናከስም፤ በርትታችሁ አንኳኩ።